ራስን አስተምሮ ፕሮግራመር ስለመሆን

ወንድሜ፣ «ዲግሪ ሳይኖረኝ ቪዲዮ እያየሁ ብቻ ፕሮግራመር ሆኜ ሥራ ማግኘት እችላለሁ ወይ?» ላልከው፣ አዎ ትችላለህ። ግን ቪዲዮውን ቀነስ አድርግ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረስኩት በዚሁ ነው፤ ሰውዬው ሲጽፍ ሁሉም ይገባኛል፣ ባዶ ፋይል ስከፍት ግን አንድ መስመር መጻፍ ያቅተኛል። የለወጠኝ የወር ወጪዬን የምትመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ከዜሮ ተነስቼ መጻፌ ነው። ድምሩ አልመጣ ብሎ ሁለት ቀን አሰቃየኝ። ለካ በፓይተን፣ ማለትም በምጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከኪቦርድ የሚገባው ነገር ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው፤ 20 እና 30 ስደምር 50 ሳይሆን 2030 ይሰጠኝ ነበር። ያቺን ስህተት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የስህተት መልእክት ሲመጣልህማ እድለኛ ነህ፣ አትደንግጥ፣ ከታችኛው መስመር ጀምረህ አንብበው፤ ፓይተን የስህተቱን ዓይነት እዚያ ነው የሚጽፍልህ። ቋንቋ አትቀያይር፣ አንዱን ያዝ። ጊት የሚባለውን፣ በፕሮግራምህ ላይ የምታደርገውን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥልህን መሣሪያም ቶሎ ልመድ። ቃለ መጠይቅ ላይ እኔን የጠየቁኝ ስለ ሰርተፍኬት ሳይሆን ያቺን የወጪ ፕሮግራም ለምን እንደዚያ አድርጌ እንደጻፍኳት ነው። ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝምን (መረጃ የሚደራጅበትንና ችግር ደረጃ በደረጃ የሚፈታበትን መንገድ) ግን እባክህ እንዳትዘል፤ እኔ ዘልዬው ሁለት ቦታ ፈተና ወድቄያለሁ።