ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ስም ሳትጠቅሱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ «ለጓደኛዬ ነው» ብላችሁ ጀምራችኋል። ችግር የለም፣ ለጓደኞቻችሁ እመልሳለሁ።

«እህቴ ከወለደች አሥር ቀኗ ነው። አትተኛም፣ ብቻዋን ታወራለች፣ ሕፃኑን ‹የኔ አይደለም› ትላለች። እናቴ ‹ለክፏት ነው፣ ጸበል ይበቃታል› አለች።»

ይሄ ለነገ አይባልም። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት የሚነሳ ከባድ የአእምሮ ሕመም አለ። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። እስከዚያ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተዉአት። በጊዜ ከታከመች የመዳን ዕድሏ ጥሩ ነው። እናትሽን ግን «ጸበሉን ተዪ» አትበያት፤ ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚተርፍሽ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። እሱን አስታውሻት።

«ሆስፒታል ማለት አማኑኤል ብቻ ነው?»

አይደለም። አማኑኤል ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ጥቁር አንበሳም፣ ዘውዲቱም፣ ጅማም ሕክምናው አለ።

«የድባቴ መድኃኒት ጀምሬ አምስት ቀኔ ነው፣ ምንም ለውጥ የለም። ልተወው?»

አትተወው። ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ካስቸገረህ ሐኪምህ መጠኑን ያስተካክላል ወይም ይቀይርልሃል። ደግሞ ጫት እየቃምክ «እንቅልፍ አጣሁ» እንዳትለኝ።

«የሚጥል በሽታ በአረፋው ይተላለፋል?»

በፍጹም። የነርቭ ሕመም ነው፣ በንክኪ አይተላለፍም። ሰውየውን በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ክብሪት ማሽተቱንም ተዉት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል።

«ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ‹ከዘራቸው አለ› እንዳይሉ ደብቄያለሁ።»

ይሄ ጥያቄ ልቤን ይነካኛል፤ ወንድምየው ሽማግሌ የሚመጣ ቀን ጓዳ ሲደበቅ አይቼ አውቃለሁ። በዘር የመምጣት ዕድል አለው፣ አልዋሽሽም። ግን አባት ወይም እናት ታማሚ የሆኑባቸው ልጆች እንኳ ከ10 ዘጠኙ ገደማ አይያዙም። አጎት ሲሆን ደግሞ ዕድሉ ከዚያም ያንሳል። ለእጮኛሽ ራስሽ ንገሪው። ለዘመዶቹ መቼ እንደሚነገር አብራችሁ ወስኑ።

«ሕክምና ስገባ ጎረቤት ቢያየኝስ?»

እሱስ እዚያ ምን ሊሠራ መጣ?