ኖታ ሳላውቅ ድርሰት መማር እችላለሁ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኪቦርድ በጆሮሽ ትጫወቻለሽ፣ ዜማ ታወጫለሽ፣ ኖታ ግን አታነቢም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሙዚቃ ድርሰት ብማር የራሴን ቃና ያጠፉብኝ ይሆን ወይ ነው ያልሽው። እኔም ከዚሁ ከባሕር ዳር ወጥቼ ድርሰት ተምሬ ነው የተመለስኩት። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስሙ እንዳያሳስትሽ። እኛ አገር ዘፈን ላይ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ዩኒቨርሲቲ ድርሰት የሚሉት ግን ዜማውንም ቅንብሩንም አንድ ሰው ሲሠራው ነው። ክላርኔቱ የት እንደሚገባ፣ ቸሎው የት ዝም እንደሚል ሳይቀር አንቺ ነሽ የምትጽፊው። ዜማ ማውጣቱን ማንም አያስተምርሽም፤ እሱን ይዘሽ እንድትመጪ ነው የሚጠብቁት። የሚያስተምሩሽ ያገኘሻትን አራት ባር (ባር ማለት ኖታ በምት የሚከፈልበት አንድ ክፍል ነው) ይዘሽ አምስት ደቂቃ መጓዝ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ይሄ ነበር። ዜማዋ ታምራለች፣ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ምን ሆና ትምጣ?

ኖታው አያስፈራሽ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከሰጠሽው በጥቂት ወራት ታነቢያለሽ። ከኖታው የሚከብደው ዲክቴሽን ነው፤ መምህሩ ፒያኖ ላይ ይጫወታል፣ አንቺ ሰምተሽ ትጽፊያለሽ። በጆሮ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ከብዙዎቹ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ልምጣ፤ እውነት አለው። አንደኛ ዓመት ላይ ባለአራት ድምፅ ሃርመኒ አለ፤ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ። አርአያው የጀርመናዊው ደራሲ የባክ ኮራሎች፣ ማለትም ባለአራት ድምፅ የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች ናቸው። ሁለት ድምፆች በአምስተኛ (ከዶ እስከ ሶል) ወይም በኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ርቀት ተያይዘው እንዲሄዱ አይፈቀድም፣ ምክንያቱም አንዱ በሌላው ውስጥ ይጠፋና አራት የነበረው ሦስት ሆኖ ይሰማል። ይሄ የአንድ ዘመንና የአንድ አካባቢ ስልት ሕግ ነው፣ የሙዚቃ ሁሉ ሕግ አይደለም። እኔ ግን ያኔ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ትዝታ ይዤ ገባሁ። ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ለመዝጊያ የተጠየቅኩት ኮርድ (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ደግሞ ሶል ሲ ሬ። ሲ እኮ ትዝታ ውስጥ የለችም! አስገባኋት። ጥሩ ማርክ አገኘሁ፣ ትዝታው ግን ትዝታ መሆኑ ቀረ። ያን ቀን በጣም ነው የከፋኝ።

አምባሰል ላይ ደግሞ ባሰ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። በዶ ላይ ኮርድ ልሥራ ብትዪ ሚም የለም፣ ሚ ፍላትም የለም። መነሻ ድምፅሽ ላይ ሦስተኛ ድምፅ የለሽም ማለት ነው። እና ምን ይደረጋል? ሁለተኛ ዓመት ላይ ቀስ እያልኩ ነው መውጫውን ያገኘሁት። ዶና ሶልን ባዶውን መተው ይቻላል። በሦስተኛ ርቀት ፈንታ በአራተኛ ርቀት መደርደርም ያስኬዳል፤ ሶል፣ ዶ፣ ፋ። ከሁሉም የወደድኩት ግን ከአዝማሪ የወሰድኩትን ነው። ማሲንቆው ዘፋኙን ሲከተል ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ያንኑ ዜማ ነው የሚጫወተው፣ ግን ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ እያስጌጠ፣ አንዳንዴ ቀድሞት እየገባ። ቫዮሊንና ክላርኔትን እንደዚያ አድርጌ ጻፍኳቸው። ያስለቀሰኝ አምባሰል ያኔ አምባሰል ሆኖ ተሰማኝ።

ግን የባክን ልምምድ አትናቂው። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ለየብቻ መስማት የለመድኩት በእሱ ነው፤ ያ ባይኖር የማሲንቆውን ነገርም አልጽፈውም ነበር። ልምምዱንና የራስሽን ሥራ በሁለት ደብተር ለያይተሽ ያዢ። ሙላቱ አስታጥቄም እኮ ለንደንና ቦስተን ተምሮ ነው ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ያገናኘው።

ሌላው፣ በኮምፒውተር ድምፅ አትተማመኚ። ሙዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ አውርጂው። እኔ ግን አንደኛ ዓመት ለክላርኔትና ለፒያኖ ጽፌ በኮምፒውተር እየሰማሁ ቆንጆ መስሎኝ ለተጫዋቹ ይዤለት ሄድኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ አቁሞ «የት ልተንፍስ?» አለኝ። ሦስት መስመር ሙሉ አንድም እረፍት አልጻፍኩም። በዚያ ላይ የተለመደው ክላርኔት ቢ ፍላት ስለሆነ፣ ዶ ብለሽ የጻፍሽለት ሲ ፍላት (በፊደል ሲጠራ ቢ ፍላት የሚባለው) ሆኖ ነው የሚወጣው። እሱን ሳላስተካክል ወረቀቱን ሰጥቼው ከፒያኖው ጋር አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ ሰው ያልተጫወተውን ነገር አልቋል አልልም።

እስክትገቢ ድረስ እዚሁ የምትሠሪው ብዙ ነገር አለሽ። አዝማሪ ቤት ሂጂ፣ አስፈቅደሽ ግማሽ ደቂቃ ማሲንቆ ቅረጪና ቁጭ ብለሽ ጻፊው። ሳምንት ቢፈጅ አትደነቂ። ጊዮርጊስ ማህሌት ሲቆም ሌሊት ሄደሽ ስሚ። ከቻልሽ ደግሞ በጀልባ ዘጌ ተሻገሪ፤ ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት አይፈቀዱም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ትገቢያለሽ። ሦስቱ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሲለዋወጡ በጆሮሽ ለመለየት ሞክሪ። ድጓ (የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ) የሚያውቅ መሪጌታ ካገኘሽ ከቃሉ በላይ የተጻፉትን የዜማ ምልክቶች እንዲያሳይሽ ጠይቂ። አንዷ ምልክት አንድ ድምፅ ብቻ ሳትሆን፣ በቃል የተጠና አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ልታስታውስ ትችላለች። ኖታ ከመማርሽ በፊት ይሄን ብታዪ ዜማ በጽሑፍ የሚያዘው በአንድ መንገድ ብቻ እንዳልሆነ ይገባሻል።

የመግቢያውን ነገር በአጭሩ፤ ውጭ ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ሦስት ሥራ በኖታና በቅጂ ላኪ ይሉሻል። ስለዚህ ከአሁኑ አጫጭር ነገር ጨርሺ።

እዚህ ክላርኔት የሚነፋ ጓደኛ አለኝ፣ ፈቃደኛ ነው። ስምንት ባር ጽፈሽ አምጪለት። የት እንደሚተነፍስ ግን ምልክት አድርጊለት።