ስለ ሕገ መንግሥት አረቃቅ ጠይቁኝ፤ የአንቀጽ ቁጥር ይዛችሁ ግን

ሰላም የወሎ ልጆች። ሕግ ሳስተምር ሸብቼ አሁን ደሴ ቁጭ ብያለሁ። እስከ መግሪብ ጠይቁኝ። አደራ፣ የማሻሻያውን አንቀጽ ሳታነቡ አትከራከሩኝ።

የሐይቅ ልጅ፦ ጋሼ፣ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓን ቅጂ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መምህር፦ አጥንቱ አዎ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲያረቁት የጃፓኑን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገዋል። 55 አንቀጽ ነው። ግን ቅጂ ብላችሁ አትለፉት። አንቀጽ 3ን እዩ። ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከሚወለዱት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር አይወጣም ይላል። ልጅ ኢያሱም እኮ በአባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእናታቸው የምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ቆጠራው ሣህለ ሥላሴ ጋ ይደርሳል። ያኔ ደግሞ በሕይወት አሉ፣ ታስረው። አንቀጹ "የሣህለ ሥላሴ ዘር" ብሎ ቢያቆም እሳቸውም ይገቡ ነበር። አንድ ስም ተጨመረችና በሩ ተዘጋ። እኔ ረቂቅ ሳነብ የምፈልገው እንዲህ ያለችውን ስም ነው።

ጦሳ ሥር፦ ይኸው! ዘውዳችንን በብዕር ነጠቁን።

ኮምቦልቻ፦ ኧረ አቦ! በ1909 የኢያሱ ወገን በተሸነፈበት በሰገሌ ጦርነት ያለቀ ነገር ነው። ብዕሩ የመጣው ከ14 ዓመት በኋላ።

ጦሳ ሥር፦ አያቴ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ሲያወራ ብትሰማ እንዲህ አትልም።

መምህር፦ አብሽር ጦሳ። ዘውዱን ነገ እናስመልሳለን። ቀጣይ።

ስም የለሽ፦ የትኛው አገር ሕገ መንግሥት ይሻላል?

መምህር፦ ለማን? ለምን? ቀጣይ።

የወልድያዋ፦ መምህር፣ አሁን ካለው ሕገ መንግሥት ላይ እስከ መገንጠል መብት የሚሰጠው አንቀጽ 39 ሊወጣ ይችላል?

መምህር፦ 39 ያለው ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው። እሱን ለመንካት በማሻሻያው አንቀጽ፣ በ105 መሠረት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ መስማማት አለባቸው። የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ። አንድ ክልል እምቢ ካለ አለቀ። ክልሎቹን የሚዘረዝረው 47 ግን እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የለም። ለሱ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ሁለት ሦስተኛ፣ ከክልሎችም የሁለት ሦስተኛው ምክር ቤቶች ድምፅ ይበቃል። ሰዉ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጮሃል። "እንግዲያው መጀመሪያ 105ን እናቅልለው" የምትሉ ደግሞ አትልፉ፤ 105 ራሱም በዚያው በከባዱ መንገድ ነው የሚሻሻለው። ጀርመኖች የባሰ አጠንክረዋል። በእነሱ አንቀጽ 79 ጥቂት መሠረታዊ ነገሮች በምንም ድምፅ አይነኩም። ህንድ ግን ከመቶ ጊዜ በላይ አሻሽላለች።

ኮምቦልቻ፦ ሕዝቡ ራሱ ቢጽፈውስ?

መምህር፦ አይስላንድ ሞክራለች። 25 ሰዎች የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰቡ አረቀቁ። በ2012 እ.ኤ.አ. ድምፅ ከሰጠው አብዛኛው ደገፈው። ፓርላማው አላጸደቀውም። ማን ይጽፈዋል ብቻ አትበሉ፣ ማን ያጸድቀዋል በሉ።

ጎልማሳ፦ 39 ይውጣ ወይስ ይቅር?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

ስም የለሽ፦ በአጠቃላይ ግን የትኛው አገር...

መምህር፦ ልጄ!

የከሚሴ ሰው፦ የኛ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ላይ ስሙ የለም። ከየት መጣ?

መምህር፦ ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ከአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ነው የመጣው። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው እኮ። የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኽምራ፣ ለአዊና ለናንተ የብሔረሰብ ምክር ቤት ሰጥቷል። ኽምራም እናንተም የድሮው ወሎ ናችሁ፤ ሰዋችን ግን አዲስ አበባ የተጻፈውን ብቻ እያገላበጠ ይጣላል። በሉ፣ አዛን ተባለ።