መስታወት ይሳሳታል ወይ?

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ የጻፉልን አንባቢ ለቴሌስኮፕ የሚሆን መስታወት በእጃቸው ፈትገው እያለሰለሱ ነው። «የሥራ ማስታወሻዬን በአማርኛ ስይዝ ‹የገጽ ስህተት› እና ‹የሞገድ ግንባር ስህተት› ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ግን ‹ስህተት የሰው ነው፤ መስታወት አይሳሳትም፤ ግድፈት በል› አለኝ። የትኛው ይሻላል?» ይላሉ።

መልስ፦ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመው ሳለ፣ ስለ መስታወት ጠባይ የምንነጋገርበትን ቃል እስካሁን አለመቁረጣችን ያንገበግበኛልና ጥያቄዎን በደስታ ተቀብያለሁ። የገጽ የሚባለው የመስታወቱ ፊት ከታሰበለት ቅርጽ ሲለይ ነው፤ የሞገድ ግንባር የሚባለው ደግሞ ከመስታወቱ የሚመለሰው የብርሃን ሞገድ ፊት ከሚገባው ቅርጽ ሲለይ ነው።

መጀመሪያ ፊደሉን እናቅና። ስሕተት በሐመሩ ሐ እንጂ በሃሌታው ሀ አይጻፍም። ግዕዙ «ስሕተ» ነው፤ ከመንገድ ወጣ ማለት። አማርኛ ሐመሩን ውጦ «ሳተ» አለው፦ መንገድ ሳተ፣ ዒላማ ሳተ፣ ራሱን ሳተ። ስለዚህ «ስሕተት የሰው ብቻ ነው» የሚለው የጓደኛዎ ክርክር አያስኬድም። ጥይት ዒላማውን ከሳተ መስታወትስ የታሰበለትን ቅርጽ ለምን አይስትም?

ግድፈት ግን ከዚህ የባሰ ነው። «ገደፈ» በግዕዝ ጣለ ነው። ጾም ገደፈ ስንል ጾሙን ጣለ ማለታችን ነው። ቁም ጸሓፊ ከመሥመር አንድ ቃል ሲጥል ግድፈት ይባላል፤ በኋላ ከላይ በደቃቅ ፊደል ይጨምረዋል። መስታወት ላይ ጉብታ ሲቀር ምን ተጣለና ነው ግድፈት የምንለው? እንዲያውም ሳይጣል የቀረ ትርፍ ነው። «ጉድለት»ም በዚሁ ይወድቃል፤ ስርጉዱን ይገልጻል፣ ጉብታውን አይገልጽም።

የሳይንስ ቃል ሁሉ ከግዕዝ ካልተቀዳ ክብር የለውም የሚሉ አሉ፤ «ግድፈተ ገጽ»ን የሚወዱትም እነርሱ ናቸው። እንግዲያው ከመስታወቱ ይጀምሩ። በግዕዝ የመስታወት ስም «መጽሔት» ነው። ብዙዎች የመጽሐፍ ዘመድ ይመስላቸዋል፤ ፈ የሌለበት ቃል ከ«ጸሐፈ» አይወለድም። ዛሬ መጽሔት ሲባል ፊቱን ሊያይበት የሚፈልግ ሰው የለም፤ ገዝቶ ያነበዋል እንጂ። ያንን ቃል ማን ይመልሰዋል?

እኔ የምመርጠው «ዝንፈት»ን ነው። ይህን ቃል ያጸናልኝም የርስዎ ግቢ ነው። ነገሩን በዓይኔ ካላየሁ አልመልስም ብዬ ቤትዎ የመጣሁ ዕለት፣ በኮሪደሩ አንድ ጫፍ መስታወቱን፣ በሌላው ጫፍ ትንሿን መብራትና ምላጩን አቁመው አሳዩኝ። ፈረንሳዊው ሌዎን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ዘዴ ነው። ከመስታወቱ የሚመለሰውን ብርሃን ምላጩ ሲቆርጠው ገጹ ላይ ጥላ ተኛ። አውራ ጣትዎን ለጥቂት ሰከንድ መስታወቱ ላይ አሳርፈው ሲያነሡ፣ በሰውነትዎ ሙቀት ብቻ ያበጠው ቦታ እንደ ኮረብታ ጎልቶ ታየኝ፤ ቆይቶ ጠፋ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ ቤት የሚሠራው ግንበኛ ቱምቢውን ጥሎ «ይሄ ጋ ዘንፏል!» ሲል ሰማሁ። ጭነት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል፣ ግድግዳ ከቱምቢው ሲወጣ ወይም ሲገባ ዘነፈ ይባላል። ወዲህም ወዲያም ይሆናል፤ መደመርም መቀነስም አለው።

ለስሌቱ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ዝንፈቶቹን እንዲሁ ቢደምሯቸው ጉብታው ከስርጉዱ ጋር ይጣፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ፣ አማካዩን ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ግድ ይላል። ይህ ውጤት በሞገዱ ላይ ከሞገድ ርዝመት 1/14ኛ ካልበለጠ ምስሉ ጥሩ ነው ይባላል። ከከፍተኛው ጉብታ እስከ ጥልቁ ስርጉድ የሚለካው ደግሞ በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በሬይሊ ደንብ ከሞገድ ርዝመት 1/4ኛ መብለጥ የለበትም፤ ለ550 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን 137 ናኖሜትር ገደማ።

ስሕተትንና ዝንፈትን መለየት ከንቱ ድካም አለመሆኑን ሃብል ቴሌስኮፕ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ጠፈር ሲላክ የ2.4 ሜትሩ መስታወት ጠርዝ ከሚገባው በላይ በ2.2 ማይክሮሜትር ገደማ ጠፍጣፋ ነበር። ምክንያቱ በመፈተሻው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ከቦታው ርቆ መቀመጡ ነው። ሌንሱን ያለቦታው ማስቀመጥ ስሕተት ነው፤ ተጠያቂ አለው። መስታወቱ ላይ የቀረው ዝንፈት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ማረሚያ ተገጥሞለታል። ሁለቱንም «ስሕተት» ካልን የቱ የቱን እንደወለደ እንዴት እንናገራለን?

«ግንባር»ን በተመለከተ ማስረጃ አላቀርብም። ቃሉ ትክክል ነው፣ ሰዎችም ይጠቀሙበታል፤ እኔ ግን ስሰማው ጦር ሜዳ ይታየኛልና «የሞገድ ፊት» እላለሁ። «የመለኪያ ስሕተት» የሚለውም ሥር ሰዷል፤ ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲህ ይጽፋሉ፣ ያውም በሃሌታው ሀ። እየከበደኝም ቢሆን ይህን እቀበላለሁ፤ ከእንግዲህ የሚነቀል አይደለም።

ከቃሉ ምርጫ በላይ ግን የማስታወሻዎ ሠንጠረዥ አሳስቦኛል። ራስጌው «ስህተት» ብቻ ይላል፤ ከሥሩ 1/8 ተጽፏል፤ የሞገድ ርዝመት 1/8ኛ ማለት ነው። የገጹ ነው ወይስ የሞገዱ? ብርሃን ወደ ስርጉዱ ወርዶ ተመልሶ ስለሚወጣ ቀጥ ብሎ ለሚመታ ብርሃን የሞገዱ ዝንፈት የገጹ እጥፍ ነው። እጥፍ ከ«ዐጠፈ» መምጣቱ እዚህ ላይ እንዴት ደስ ይላል! መስታወቱ ብርሃኑን ያጥፈዋል፣ ዝንፈቱም ይታጠፋል፤ ነጠላ ታጥፎ እንደሚደረብ። 1/8ኛው የገጹ ከሆነ ሞገዱ 1/4ኛ ነው፣ ደንቡ ላይ ደርሰዋል። የሞገዱ ከሆነ ግን ገጹ 1/16ኛ ነውና ፍተጋውን ማቆም ይችላሉ። እባክዎ ራስጌውን ለሁለት ይክፈሉትና «የገጽ ዝንፈት»፣ «የሞገድ ፊት ዝንፈት» ብለው ይጻፉበት።