ገና በሁለተኛው ገጽ «ተከሳሹ» ካሉት ምን ቀረ?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ዕድሜዬን የጨረስኩት በወንጀል ምርመራ ሥራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት መዋል አልሆንልህ አለኝና አንድ የግድያ ታሪክ በልቦለድ መልክ ጻፍኩ። ልጄ በኮምፒውተር ገልብጣልኝ ጓደኞቿ ሲያነቡት «የፖሊስ ሪፖርት ይመስላል» አሉ። እኔ የጻፍኩት የማውቀውን ነው፤ ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ሌላው ደግሞ፣ በእጄ ያለፉ እውነተኛ መዝገቦች አሉ። ስም ቀይሬ ብጽፋቸው ችግር አለው? የመጀመሪያዎቹን ገጾች ልኬያለሁ።

ጡረተኛው መርማሪ፣ ከአዳማ

ጋሼ፣ የላኩልንን ገጾች ተረጋግቼ አነበብኳቸው። ደስ ካለኝ ነገር ልጀምር። ጎረቤቱ ሁሉ «እኔ ምንም አላየሁም» እያለ በሩን ሲዘጋ፣ መርማሪዎ ግድያውን ጭራሽ ሳያነሳ አንዲት እናትን ስለ በርበሬ ዋጋ የሚያጫውትበት ቦታ አለ። ይሄን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አይፈጥረውም። ሰው እንዴት እንደሚናገር፣ መቼ ዝም እንደሚል ዕድሜ ልክዎን ሲያዳምጡ ስለኖሩ የመጣ ነው። ስለዚህ ይጻፉ። እንዳያቆሙ።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። ስለ ዘበኛው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ተከሳሹ ሌሊቱን ከበሩ አልተነቃነቅሁም ያለ ቢሆንም፣ ግቢው በሲሚንቶ የተለሰነ ሆኖ ሳለ ጫማው ጭቃ የያዘ በመሆኑ ሐሰት መናገሩ ተረጋግጧል።» ለመዝገብ ጥሩ ነው። ልቦለዱን ግን እዚያው ላይ ጨረሰው። ገና በሁለተኛው ገጽ ሰውየውን «ተከሳሹ» ካሉት፣ አንባቢ ከዚህ በኋላ ምን ፍለጋ ይገልጣል? ዐቃቤ ሕግ ክስ እስኪመሠርት ድረስ እኮ እርስዎም በሥራ ላይ ሳሉ ተጠርጣሪ ነበር የሚሉት። እዚህ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይበሉ፤ ዘበኛው ዘበኛ ብቻ ይሁን።

«ሐሰት መናገሩ ተረጋግጧል» የሚለውን ያውጡትና ጭቃውን ብቻ ይተዉልን። መርማሪው ሻይ ይጋብዘው። ዘበኛው ብርጭቆውን ሲቀበል እግሩን ወደ አግዳሚው ሥር ሰብሰብ ያድርግ፤ መርማሪው ይየው፣ ምንም አይበል። ግቢው ሲሚንቶ መሆኑን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው፣ ልጆች ኳስ ሲያነጥሩበት ወይም ሠራተኛዋ ውሃ ስትደፋበት፣ እንደ ዋዛ አሳይተውን ይለፉ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንባቢው ነው። ያኔ ነው «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ…» ብሎ ከተጋደመበት ቀና የሚለው።

ሌላም አለ። መዝገብ የሚደራጀው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ስለሆነ በከንቱ የባከነው ቀን አይገባበትም። በስህተት የተጠረጠረው አማች፣ ቃሏን ልትሰጥ መጥታ ከጣቢያው በር የተመለሰችው ምስክር፣ ከምኒልክ ሆስፒታል የአስክሬን ምርመራ ውጤት እስኪመጣ የተጠበቀው ጊዜ፣ «ምን ደረሰ?» እያለ የሚደውለው አለቃ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እህል አልወርድ የሚለው መርማሪ። ይሄ ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ቀርቷል፤ ለእኔ ግን የመጽሐፉ ሥጋ እሱ ነው።

አሜሪካዊው ጆሴፍ ዋምባው የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ባልደረባ ነበር። የመጀመሪያ ልቦለዱን እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያሳትም ገና ሥራ ላይ ነው፤ የለቀቀው በ1974 ነው። ስሙን ያስጠራው የወንጀሉ ውስብስብነት አይደለም። ሥራው ፖሊሱን ራሱን ምን እንደሚያደርገው፣ ፍርሃቱን፣ መጠጡን፣ የፈረሰ ትዳሩን ሳይቀር ገልጦ ጻፈ። የእርስዎ መርማሪ ስለ ራሱ ትንፍሽ አይልም። የደንብ ልብሱን አውልቆ ያነጋግረን እንጂ! የመጀመሪያውን ሬሳ ያየ ቀን ምን ሆነ? ማንን በከንቱ አስሮ ያውቃል?

በሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ጠንከር ልል ነው። ስም መቀየር አይበቃም። ሰፈሩ፣ ዓመቱና አገዳደሉ ያው ከሆነ የሟች እናት መጽሐፉን ስትገልጥ ልጇን ታገኘዋለች። እነዚያ ሰዎች ቃላቸውን የሰጡዎት ለፍትህ ብለው ነው፣ ለመጽሐፍ አይደለም። ሕጉም ዝም አይልም፤ በሥራዎ ምክንያት ያወቁት ምስጢር ጡረታ ስለወጡ ምስጢርነቱ አይቀርም፣ የስም ማጥፋት ክስም አለ። በችሎት በአደባባይ የተሰማ ነገር እና በመርማሪ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ነገር ደግሞ አንድ አይደሉም። እኔ ብሆን ከአንዱ መዝገብ ፍርሃቱን፣ ከሌላው ውሸቱን፣ ከሌላው ያንን ጭቃ የያዘ ጫማ እወስድና ሟቹን፣ ገዳዩንና ሰፈሩን ራሴ እፈጥራለሁ። የሚያሰጋዎት ምዕራፍ ካለ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ለጠበቃ ያሳዩት።

ለሚቀጥለው መጽሐፍዎ ደግሞ አንድ ሐሳብ ልወርውር። ዘመናዊ ፖሊስ ሳይኖር አውጫጭኝ ነበር። ወንጀል ሲፈጸም አገሬው ተጠርቶ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ የቀረም ይቀጣል። እስቲ ያስቡት። ገዳዩ መሀላቸው ተቀምጧል፤ የሚያውቅ ያውቃል፣ ግን አይናገርም፤ ላሞቹ ሳይታለቡ መሸ። ይሄ የራሳችን ታሪክ ነው፣ ከእርስዎ በላይ የሚጽፈው ሰውም አይታየኝም።

ሰላም ለእናንተ፦

ተማሪ ነኝ፣ የወንጀል ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሚሆን ነው። መርማሪው ተጠርጣሪውን አሥር ቀን ጣቢያ ያቆየውና በመጨረሻ ሰውየው ያምናል። ያስኬዳል? ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ አላውቅም።

ከሀዋሳ

እህቴ፣ እንዲሁ አያስኬድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። በማስገደድ የተገኘ ቃልም በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። መርማሪሽ ሕግ የሚጥስ ሰው ከሆነ ይጣስ፣ ግን መጣሱን ይወቀው፣ የሚያስከፍለው ነገርም ይኑር። እኔ ግን 48 ሰዓቱን አልለቀውም ነበር። ሰውየው ሐሙስ ማታ ይያዝ፣ ማስረጃው ገና ነው፣ ቅዳሜ እየመጣ ነው። ከዚህ የበለጠ ልብ ሰቀላ ከየት ይመጣል?

ለጊዜው ግን ብዕርሽን አስቀምጪና ችሎት ሂጂ። የወንጀል ችሎት በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። ከኋላ ወንበር ተቀመጪና ፖሊሱ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ ምን ምን ምክንያት እንደሚደረድር፣ ዳኛው ምን ብሎ እንደሚመልስለት፣ የተጠርጣሪው ቤተሰብ በር ላይ ምን እንደሚያወራ አዳምጪ። የአዳማው ጋሼም ፈቃደኛ ከሆኑ ጥያቄዎችሽን ላኪልን፣ እናደርስልሻለን።