የግሸን ንግሥ ለገበሬው ምን ይተርፈዋል?

ጥያቄ፦ ዘንድሮ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄጄ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ መስቀለኛው አምባ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ለአምባሰል ገበሬ ጠብ የሚልለት ነገር አለ? (እህታችሁ ከደሴ)

መልስ፦ አለ እህቴ፣ እስቲ ወቅቱን አስቢው። መስከረም ላይ አዝመራው ገና ማሳ ላይ ነው፣ ጎተራው ደግሞ ተራቁቷል። ዳገቱ ሥር ቆሎ በጣሳ እየሰፈረች የምትሸጥ እናት፣ አቅመ ደካማ በበቅሎ የሚያወጣ ወጣት፣ ያቺ የሚያገኟት ብር እህሉ እስኪደርስ ቤት ትደጉማለች። ግን ብዙው ምዕመን በሶውንም ድንኳኑንም ይዞ መጥቶ አድሮ ይመለሳል። የጣለው ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው፣ ከብቶቹ የሚግጡት እኮ እዚያው ነው! ስለዚህ ለከርሞ ስትሄጂ ቆሎሽን ከዚያው ግዢ፣ ባዶ ሃይላንድሽን ይዘሽ ውረጂ።