መልስ፦ ከደሴ ለመንፈቅ የሚበቃ ቅመም ስለ መግዛት
ውድ ጠያቂ፣ ከሰቆጣ ደሴ ድረስ መጥተው ከቅመማ ቅመም መደብር የመንፈቅ ስንቅ ሲገዙ የተፈጨው ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ያልተፈጨውን ይግዙ፤ የቅመም መዓዛ በቀላሉ በሚተን ዘይቱ ውስጥ ስለሚገኝ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ይጠፋል። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ይያዙና፣ ከደቡብ ምዕራብ ደኖች ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የመጣ ነውና፣ በየጊዜው ለወጥዎ የሚበቃውን ብቻ ይፈልፍሉ። ጥቁርና ነጭ አዝሙዱን መዳፍዎ ላይ በትነው ጠጠር እንደሌለው ይዩ። በርበሬውን ግን አደራ፣ ዛላውን ሰብረው ውስጡን ሳያዩ አይግዙ፤ እርጥበት ያገኘው ይሻግታል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ፣ ጉበትን የሚጎዳና በቤት ውስጥ በማብሰል የማይጠፋ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ክረምት ላይ ከሆነ የሚጓዙት፣ ጆንያውን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አያስጭኑት፤ ቤት እንደደረሱም በርበሬውን ፀሐይ ያስመቱት።